የቱ ሚሞሪ?

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሰመራ፣ ከሰዓቱ ሙቀት ሸሽቼ ቬንትሌተሩ ሥር ጋደም ባልኩበት፣ ልጄ ከጓዳ "አባዬ፣ ስልኩ ሚሞሪ ሞልቷል ይለኛል፤ የድሮ ፎቶዎቹን ላጥፋቸው?" ስትል ዘልዬ ተነሣሁ።

ይህቺ ቃል አንድ ጊዜ ጉድ ሠርታኛለች። ያኔ አዋሽ ከተማ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ የሚያቅተኝ ነገር ያለም አይመስለኝም። እውነቱን ለመናገር ዛሬም አይመስለኝም። ጋሽ ታደሰ የሚባሉ፣ በመልካ ወረር በኩል ያለ የጥጥ እርሻ መዝገብ ያዥ፣ የተበላሸ ኮምፒውተራቸውን ዲስክ በነጠላ ጠቅልለው መጡ። የዘጠኝ ዓመት የዘር ሙከራ፣ የትኛው ዘር ሙቀቱን እንደቻለ፣ የትኛው እንደከዳ፣ ሁሉም እሱ ላይ ነው። በማግስቱ ሰመራ ስብሰባ ላይ ካላቀረቡት ቀጣዩ ዘር በግምት ሊመረጥ ነው።

"ሌላ ግልባጭ የለዎትም?"

"የለኝም ልጄ።"

"አያስቡ!" አልኳቸው።

ዲስኩ መዝገቡን ወደ ላፕቶፔ እንደገለበጥኩ ጸጥ አለ፤ በዚያው ቀረ። መዝገቡን የሚከፍተው ፕሮግራም አርጅቷልና ላፕቶፔ ውስጥ የድሮ ኮምፒውተር የሚያስመስል ሶፍትዌር ጫንኩለት። ሲነሣ "ሚሞሪ አይበቃም" ብሎ ቆመ። እጥፍ ሰጠሁት፤ አይበቃም። ደግሜ እጥፍ አደረግኩለት፤ አሁንም ያው። "ሚሞሪ አንሶት ነው፣ መጣሁ" ብያቸው ምሳ ወጣሁ።

ከመኪና መንገዱ ዳር የፍየል ጥብሴን እየበላሁ ነው የበራልኝ። የድሮው ኮምፒውተር ሚሞሪ እኮ ከኔው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነበር፤ ታዲያ እዚያ እንዴት ሠራ? ያ አሮጌ ፕሮግራም ያን ያህል ትልቅ ቁጥር መቁጠር አይችልም! ሲበዛበት ዞሮበት ባዶ ይመስለዋል። እጄን ሳልታጠብ ሮጥኩ።

ጋሽ ታደሰ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጠው ዐይናቸው እንባ አቅርሯል።

"ቦታ ለቀቅሁለት" አሉኝ። "የመጀመሪያውን ዓመት ፋይል አጠፋሁት።"

"ኧረ ለምን?"

"አንሶታል አላልክም? ስልኬም እንዲህ ሲለኝ አጠፋለታለሁ።"

ለሳቸው ሚሞሪ ዕቃ የሚቀመጥበት ጓዳ ነው፤ እኔ ያልኩት የሚሠራበትን ጠረጴዛ ነው። ሚሞሪውን ቀነስኩለት፤ ወዲያው ተከፈተ። ስምንት ዓመት ተገኘ። የጠፋውን ለመመለስ ያልሞከርኩት የለም፤ እምቢ አለ።

"ምነው የመጀመሪያውን መረጡ?" አልኳቸው።

"ያን ዓመት ዘሩን በእጄ የዘራሁት እኔ ነኝ። የሌላ ሰው ልፋት ከማጠፋ የራሴን ብዬ ነው።"

አፈርኩ። እንዲህ ያለውን ብልሽት ዛሬ ዐይኔን ጨፍኜ አስተካክለዋለሁ። ከአፌ የሚወጣውን ቃል ግን እፈራዋለሁ።

"እጅሽን አንሺ!" አልኳት ልጄን፣ በባዶ እግሬ ወደ ጓዳ እየሮጥኩ። "የቱ ሚሞሪ?"