አጎታችን ሲለግስ

ወንድሜ ሲታመም ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር ከአጎታችን ጋር በሽርክና የከፈተው የጨርቅ ሱቅ ነበረው። መጀመሪያ ደንበኞቹ ሁሉ እሱን እንደሚያሙት ይነግረኝ ጀመር። ቀጥሎ እኛ የማንሰማውን ድምፅ እየሰማ መልስ ይሰጥ ነበር። አንድ ቀን ጣቃ ጣቃ ጨርቅ እያወጣ ለአላፊ አግዳሚው ሲያድል ዋለ።

አጎታችን በዚያው ዕለት ቁልፉን ወሰደበት። "እስኪሻለው እጠብቅለታለሁ" አለ። ጠበቀለት፤ ትርፉን ጭምር ዛሬም እየጠበቀለት ነው።

ሰው እስካየው ድረስ ግን ቸር ነው። ሚኒባስ ተከራይቶ፣ ዘመድ አዝማድ ጭኖ ወንድሜን ለዱዓ ወሎ ድረስ ወሰደው። በግ አሳረደ፣ ሰደቃ አወጣ። ጎረቤት ነጋዴው ሁሉ አመሰገነው። ወንድሜ ከስቶና እንቅልፍ አጥቶ ተመለሰ።

በመጨረሻ እኔ ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሟ ሕመሙ ስኪዞፍሬኒያ እንደሚባል፣ መድኃኒቱንም ማቋረጥ እንደሌለበት ነገረችኝ። መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ሲጠፋ ከውጭ በውድ እገዛ ነበር። እሱን ብቻውን ትቼ መውጣት ስላልቻልኩ ሻሽ የምሸጥበትን የገበያ መደቤን ለቀቅኩ። ያለኝ ሲያልቅ አጎታችን ዘንድ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ የመድኃኒቱን ከሱቁ ድርሻው ይስጡኝ።"

"በየወሩ? ማለቂያ የለውም እንዴ?"

"የለውም።"

"እንግዲያው መድኃኒት አይደለማ" አለኝ፤ የራሱን የስኳር በሽታ ክኒን በሻይ እየዋጠ።

በማግስቱ ሱቁ ደንበኛ ሲሞላ ጠብቄ ወንድሜን ይዤው ገባሁና ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። አንድ የድሮ ደንበኛ "ተሻለህ ወይ?" አለው።

"መድኃኒቴ አልቆብኛል" አለ ወንድሜ፣ ቀስ ብሎ።

የሚገበያየው ሁሉ ወደ አጎታችን ዞረ። አጎታችን ደንበኞቹን አየና ብር መዥረጥ አድርጎ አወጣ። "ለወንድሜ ልጅ ነፍሴንም አልሰስትም" አለ፣ ውጭ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ገበያው ሲደራ እየጠበቅኩ እሄዳለሁ። እሱም በየወሩ ነፍሱን አይሰስትም።

ወንድሜ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወስዶ ተሻለው። አሁን ምን አለሽ ተራ ከአንድ ምድጃ ሠሪ ጋር ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል። ገቢው የድሮውን ሩብ አይሞላም፤ ሱቁም አልተመለሰለትም። አጎታችን በዱዓውና በገንዘቡ እንዳዳነው ላገኘው ሁሉ ያወራል። እኔ የለቀቅኩትን መደብ ሌላ ሰው ይዞታል፤ ዛሬ የምሸጠው በሰው ሱቅ ተቀጥሬ ነው።