ሁለት ረከዓ በአባቴ ቤት

መንገደኛ ሙስሊም አራት ረከዓ፣ ማለትም አራት ዙር፣ የሚሰገደውን ሶላት ወደ ሁለት ማሳጠር ተፈቅዶለታል። ዓለም ከተማ በመምህርነት ከተቀጠርኩ ወዲህ፣ ጊሼ ወዳለው የአባቴ ቤት ስሄድ መኪናው ለምሳ በቆመበት መስገጃዬን ዘርግቼ የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ሁለት እሰግድ ነበር። ተሳፋሪው በትዕግሥት ይጠብቀኛል፤ ሾፌሩም ጥሩምባ አይነፋብኝም።

ጭቅጭቁ ቤት ስደርስ ነው። አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው ከኋላዬ ይቆጥሩብኛል። በሁለት ካበቃሁ፣ «ተነስ፣ ሁለት ይቀርሃል! በገዛ ቤትህ ማን መንገደኛ አደረገህ?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ አዋቂ ነኝ ባይ፣ ኑሮዬ ዓለም ከተማ መሆኑን፣ ለሦስት ቀን የመጣ ሰው ማሳጠር እንደሚችል እከራከራቸዋለሁ። በመጨረሻ ግን ተነስቼ አራት አድርጌ እሰግዳለሁ።

አምና እልህ ያዘኝ። ሁለት ሰገድኩና መስገጃዬን አጠፍኩ። ሲመሽ አባቴ ለእንግዳ ብቻ የሚወጣውን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ባናውን፣ ከሣጥን አውጥተው፣ ሁልጊዜ በምተኛበት አልጋ ላይ አነጠፉልኝ። ሌሊቱን በእንግዳ ልብስ ውስጥ ስገላበጥ አደርኩ። ጠዋት ይቅርታ ሳልጠይቃቸው መኪና እንዳያመልጠኝ ብዬ ወጣሁ።

ዘንድሮ የመጣሁት ለቀብራቸው ነው። ለቀስተኛው ሲበተን ዙሁርን አራት ሰገድኩ፤ አንድም አላጎደልኩ። ስጨርስ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። መደቡ ላይ የሚቆጥርልኝ አልነበረም።