ጋሼ ያላወቀኝ ቀን

ኢንሱሊን ይሸታል። ብዙ ሰው ልብ አይለውም እንጂ ሽታው በመድኃኒት የታጠበ የክሊኒክ ወለል ዓይነት ነው። የስኳር በሽታው ለእኔም ደርሶኝ፣ ዛሬ ጠዋት ስወጋ አንድ ጠብታ እጄ ላይ ወደቀችና ሐሳቤን ጆሃንስበርግ፣ አይቮሪ ፓርክ ሰፈር፣ የጋሼ ሱቅ ደጃፍ ወሰደችው።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜ ከሆሳዕና ሲወጣ ገና አምስት ዓመቴ ስለነበር፣ ጆሃንስበርግ ስደርስ የተያየነው እንደ እንግዳ ነው። እሱ ጠዋት ኢንሱሊኑን ይወጋል፣ እኔ ቁርሱን አቀርባለሁ። የክሊኒኳ ነርስ ደጋግማ ነግራኛለች፤ "ከተወጋ ይብላ። መድኃኒቱ የደሙን ስኳር ሲያወርደው ቀድሞ የሚራበው አንጎል ነው፤ አንጎል የራሱ ስንቅ የለውም።" አላውቅም ነበር አልልም።

የዚያን ዕለት ግን በማይረባ ነገር ተኳርፈን ነበር። እስቲ ራሱ ይሥራ ብዬ፣ ቁርስ ሳላቀርብ ለሱቁ ዕቃ ላመጣ በታክሲ ጀፕስታውን ጅምላ ገበያ ሄድኩ። እሱ ደግሞ ገዢ በዝቶበት ኖሮ እህል የሚባል አልቀመሰም።

አናት በሚበሳ ፀሐይ ተመለስኩ። ሱቁ እንደ ወትሮው ከውስጥ ተቆልፏል፤ ሌባ ስለሚፈራ የምንሸጠው በብረት ፍርግርጉ መሃል በተተወች ቀዳዳ ነው።

"ጋሼ፣ ክፈትልኝ።"

ወደ ፍርግርጉ መጣ፤ ሸሚዙ በላብ ሰውነቱ ላይ ተጣብቋል። እጁ ይንቀጠቀጣል።

"ማነሽ አንቺ?"

"እህትህ ነኛ!"

"እህቴ ሕፃን ናት። እናቴ ጋ ናት። ሂጂ ከዚህ!" ብሎ ብረቱን በቡጢ መታው።

ከጀርባው የስኳር ከረጢት ተደርድሯል፣ ፍሪጁ በለስላሳ ሞልቷል፤ ወንድሜ ግን በስኳር መሃል ቆሞ በስኳር እጦት ሊሞትብኝ ነው። "ስኳር ቃም!" ብዬ ብጮህ ጭራሽ ጀርባውን ሰጠኝ። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ያ በር ደግሞ በሰው ጉልበት የሚገነጠል አይደለም።

በዚህ መሃል አንዲት ሴትዮ መጥታ ሳሙና ጠየቀችው። እየተንገዳገደ አንሥቶ ሰጣት። እኔን የረሳ ሰው መሸጥ አልረሳም!

ዞር ብዬ እንባዬን ጠረግኩ። ሻሼን ግንባሬ ድረስ አወረድኩና እንደ ሰፈሩ ሰው በዙሉ ሰላምታ ቀረብኩ።

"ሳዉቦና ቡቲ፤ አንድ ብርቱካን ለስላሳ።"

አቀበለኝ። ከፍቼ ቀመስኩና ፊቴን አጨማደድኩ። "ይሄ እኮ ተበላሽቷል! የተበላሸ ነው እንዴ የምትሸጠው?" አልኩት በተሰባበረ ዙሉ።

ጋሼ በዕቃው ከመጡበት አይምርም። ከእጄ መንጭቆ "የቱ ነው የተበላሸው?" እያለ በእልህ ተጎነጨ።

"እሱማ ላዩ ነው፤ ታቹን ቅመሰው!"

ደገመው። እየሰደበኝ ጠጣ፣ እየጠጣ ሰደበኝ። እኔም ድምፄ እንዳይሰበር እየታገልኩ ጠርሙሱ ባዶ እስኪሆን ተጨቃጨቅኩት። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ብረቱን ጨብጬ፣ አምላኬን እየለመንኩ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም።

ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሆነ እንጃ፣ ቀና አለ። ሻሼን ገፍቼ አየሁት። በስሜ ጠራኝና በሩን ከፈተልኝ።

ከዚያ ሁሉ አእምሮው ውስጥ የቀረችው አንዲት ባለጌ ደንበኛ ብቻ ነበረች። "ለስላሳዬን የሰደበችው ልጅ" እያለ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያማት ነበር። ጋሼ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው፤ ማን እንደነበረች አልነገርኩትም። ባነሣት ቁጥር አብሬው እሰድባት ነበር፤ ከልቤ።