መዘምራኑ ከመድረክ የወረዱ ዕለት

ባለፈው እሑድ ደሴ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ፣ አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ ከዘራቸውን ሲሚንቶው ላይ ቋ ሲያደርጉ ሳላስበው ፈገግ አልኩ። አንዲት ልጅ ትዝ ብላኝ ነው፤ በሁለት ክራንች የምትሄድ፣ ከቦሩ ሜዳ በሚኒባስ የምትመጣ የወጣትነት ጓደኛዬ።

ያን ጊዜ እኛ ዘንድ ሰው ከአምልኮ በኋላ ወደ ፊት ከወጣ፣ ለምን መጣህ ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም። እጅ ጭኖ መጸለይ ነው። እሷም መጀመሪያ የመጣች ቀን ቋ፣ ቋ እያለች ወደ ፊት ስትወጣ ግር ብለን ከበብናት። እኔ ዘማሪ ነበርኩ፤ ድምፄ ግን ከዜማ ይልቅ ለጩኸት ይመች ነበር። ጉልበቷን ይዤ "ተነሺና ሂጂ!" እያልኩ ጮኽኩ። ልጅቷ እኮ ቆማለች! ልትናገር አፏን በከፈተች ቁጥር መንፈስ ነካት ብለን ይብስ እንጮሃለን። ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብ እንኳ አልተሰማንም።

ደክሞን ስናበቃ ነጠላዋን አስተካከለች። "አሜን፣ ጌታ ይባርካችሁ። እኔ ግን የመጣሁት መዘምራን ልመዝገብ ብዬ ነው።"

በጣም አፈርኩ። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ፤ እስቃለሁም።

የመዘምራኑ መሪ እስቲ ዘምሪ አላት። ስትዘምር ቤቱ ጸጥ አለ። እሱ ግን አንገቱን እያሻሸ፣ "ድምፅሽስ ግሩም ነው፣ እኅቴ። ግን መድረኩ አራት ደረጃ አለው። የጸሎት ቡድን ብትገቢስ?" አላት።

"ጸሎትማ ቤቴም እጸልያለሁ። እኔ መዘመር ነው የፈለግኩት" አለችና ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ከወጣች እንደማትመለስ ሁላችንም ገባን።

ከፊት ወንበር የማይታጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ እሳቸው ብድግ አሉ። "ኧረ ልጆቼ! እሷ መውጣት ቢያቅታት እናንተ መውረድ አቃታችሁ? እኔንም ሽቅብ ሳያችሁ አንገቴን ጨረሳችሁት!"

በሚቀጥለው እሑድ ወረድን። እሷን መሃል አድርገን ወለሉ ላይ ዘመርን፤ ከጎኗ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ከዜማ ስወጣ ወደ እኔ ሳትዞር የክራንቿን ጫፍ ጫማዬ ላይ ቀስ አድርጋ ታሳርፍ ነበር። ጫማዬ ብዙ ችሏል።

ኋላ ትዳር ይዛ ኮምቦልቻ ወረደች፤ እዚያ መዘምራን ታሠለጥናለች አሉ። የኛም መድረክ ዛሬ ደረጃ የሌለው መውጫ ተሠርቶለታል። መዘምራኑ ግን አሁንም ታች ናቸው። ባለፈው እሑድ አንድ እንግዳ፣ "መድረኩ ባዶ ሆኖ ለምን ታች ትዘምራላችሁ?" ብሎ አንዷን ወጣት ዘማሪ ጠየቃት።

"እኔ እንጃ፤ እኛ ቤት ድሮም እንዲህ ነው" አለችው።

ልነግራቸው አፌን ስከፍት ዝማሬው ተጀመረ። እኔም ከወንበሬ ሆኜ አብሬ ዘመርኩ፤ እንደ ልማዴም ከዜማ ወጣሁ። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አየሁ። ማንም አልነካኝም።