የዳምጠው ድምፅ የቀጠነበት ዓመት

ዲላ ውስጥ ሙሐመድኑርን የማያውቅ ጴንጤ የለም። እሱ ራሱ ጁምዓ የማያመልጠው ሰው ነው። ግን ከይርጋጨፌ እስከ ኮቸሬ ያሉ መዘምራን የሚቀረጹት ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው ክፍሉ ስለሆነ፣ የመዝሙር አዝማች የጠፋበት ሰው የሚደውለው ለእሱ ነው። የክፍሏ ግድግዳ በስፖንጅና በእንቁላል መያዣ ካርቶን ከመለበጡ የተነሳ እዚያ ያስነጠሰ ሰው ማስነጠሱን የሚያውቀው እጁን አይቶ ነው።

ሥራውን የጀመረው ካሴት በመገልበጥ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ኮምፒዩተር ገዛ፤ አዲስ የድምፅ ካርድም አስገባበት። ካርዱ ድምፁን በዲጂታል ገመድ ወደ መቅጃው ሲልክ በሰከንድ ስንት ናሙና፣ ማለትም ስንት የድምፅ ቁራጭ፣ እንደሚያወጣ መምረጥ ያስፈልጋል። ሁለት ቁጥር ቀረበለት፦ 44,100 እና 48,000። ሙሐመድኑር ያደገው እህል እየተሰፈረ በሚሸጥበት ቤት ነው። «ለደንበኛ ምራቂ ይጨመራል» ብሎ ትልቁን መረጠ። መዝሙሮቹ የተቀረጹት ግን በትንሹ ነበር።

ምራቂው መጀመሪያ የደረሳቸው የጨለለቅቱ መዘምራን ናቸው። በመካከላቸው ዳምጠው የሚባል ወፍራም ድምፅ ያለው ገበሬ አለ፤ ጨለለቅቱ ላይ ጉሮሮውን ከጠረገ ሬኮ ያሉ ሰዎች ዝናብ መጣ ብለው ቡናቸውን ይሸፍናሉ። ካሴቱ ሲከፈት ይህ ሰው በጎረምሳ ድምፅ ይዘምራል! የሴቶቹም ቀጥኗል፤ የእነሱ ግን «ጸጋ ተጨመረላቸው» ተባለ። በተለይ ከላይ ከላይ የምትይዘው የሳሮን ዝና ኢዲዶ ድረስ ተሻገረ። ኪቦርዱም ቀጥኖ ነበር፤ ኪቦርድን ማን ይጠይቃል?

የመዘምራኑ ሰብሳቢ እህት ዘነቡ ኮሚቴውን ጠሩ።

«ወንድም ዳምጠው፣ ድምፅህን ለምን ለወጥክ?»

«ኧረ አልለወጥኩም።»

«የአዲስ አበባ ዘማሪ ለመምሰል ነው አይደል?»

«በጌታ! ያው የድሮው ድምፄ ነው!» ሲል መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ኮሚቴው ግን ከመስኮቱ ይልቅ ካሴቱን አመነ።

ሙሐመድኑር በስልክ ቢጠየቅ «ኮምፒዩተር አይዋሽም» ብሎ ዘጋው። እንግዲያው ዳምጠው እስከ እሑድ ንስሐ ካልገባ ከመዘምራኑ ይውጣ ተባለ። ሰውየው ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ከኋላ መስመር ጥግ ላይ የቆመ ነው፤ ከዚያ ቦታ ሌላ የሚመካበት ነገር የለውም። ያልሠራውን ኃጢአት እንዴት ይናዘዝ? የደረሰ ቡናውን እንኳ ሳይለቅም ቤቱ ተቀመጠ።

ዓርብ ከሰዓት የሙሐመድኑር ባለቤት ወርቂቱ ምሳ ይዛለት መጣች። እሱ ካሴት ሊያባዛ የጨለለቅቱን ቅጂ ከመነሻው አስጀምሮት ነበር። በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ማናት?»

«ማን?»

«ያቺ ‹ሄሎ ቼክ፣ አንድ ሁለት› የምትለው!»

«እኔ ነኛ! ማይክ ስሞክር ነው።»

«አላህን ፍራ! እንዲህ ያለ ድምፅ ቢኖርህ አገባህ ነበር?»

ሊስቅ ብሎ ተወው። ወደኋላ መልሶ አዳመጠ። ቁርጥ ታናሽ እህቱ! የካርዱን ማስተካከያ ሲከፍተው 48,000 ፊት ለፊት ተገትሯል። ለካ በሰከንድ 44,100 ሆኖ የተከተፈ ድምፅ በሰከንድ 48,000 ሲለቀቅ ቶሎ ያልቃል፤ ሲቸኩል ደግሞ ይቀጥናል። ቁጥሩን ወደ ትንሹ መለሰው፤ ድምፁም ተመለሰለት። ወርቂቱም ምሳውን ሰጠችው።

እሑድ ጠዋት አዲስ ካሴትና ቴፕ አዝሎ በሞተር ጨለለቅቱ ገባ።

«ወንድም ዳምጠው ንጹሕ ነው» አለ ኮሚቴው ፊት ቆሞ። «ድምፁን ያቀጠነው የእኔ ካርድ ነው፤ ቁጥሩን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ካሴቱን ከፈተው። የዳምጠው ድምፅ ከቴፑ ሲወጣ ከቆርቆሮው ላይ አቧራ ረገፈ፤ ውጭ የታሰረ በቅሎ ገመዱን በጠሰ። እህት ዘነቡ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ወንድም ዳምጠው፣ ይቅር በለን። ቦታህ ግባ።»

ዳምጠው ሄዶ ጥጉ ላይ ቆመ። ሁሉም አጨበጨበ። ሳሮን ብቻ አላጨበጨበችም። መዝሙሩ የእሷ ተራ ላይ ሲደርስ ያቺ ኢዲዶ የደረሰችው ከፍታ የለችም። ሙሐመድኑር ቴፑን ሲሰበስብ ቀስ ብላ ተጠጋችው።

«ጋሼ፣ የእኔን ብቻ እላይ መተው አይቻልም?»

«አይቻልም እህቴ» አላት። «ሁላችሁም የምትወጡት በአንድ ገመድ ነው።»