የእናቴ ልስን

ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር የሻይ ብርጭቆዬ ውስጥ ያለው ማንኪያ ይንቀጫቀጫል። ልጆቼ አይሰሙትም። እኔን ግን ወዲያው የቦካ ጭድ ይሸተኛል፤ አዳማ፣ ከባቡር ጣቢያው ወደ አርሲ በሚወስደው መንገድ ዳር የነበረው ቤታችን ይመጣብኛል።

እናቴ በጭቃ ሥራ የታወቀች ነበረች። አፈሩን ከጤፍ ጭድ ጋር ለውሳ፣ ጠዋት ጠዋት እየረገጠች ሳምንት ታቦካዋለች። እሷ የለሰነችው ግድግዳ ጉንጭ ቢያስደግፉበት አይሻክርም።

ያን ጊዜ ካሚዮን ብርቅ ነው። አባቴ የአንዱን ካሚዮን ሾፌር ለምኖ ደጃችንን ታክኮ እንዲያልፍ አደረገው፤ አላፊ አግዳሚው «የማን ቤት ነው?» ይበልለት ብሎ። ካሚዮኑ የእህል ጆንያ ጭኖ ሲመጣ የተቀመጥንበት መደብ ይንቀጠቀጣል፣ ከጣራው አፈር ወጣችን ላይ ይረግፋል። አንድ ቀን ግድግዳው ከበሩ መቃን ጀምሮ ተሰነጠቀ። እናቴ ደፈነችው። ደግሞ ተሰነጠቀ።

«ጭቃውን ሳይቦካ ነው የምትለስኚው» አላት አባቴ፣ ጎረቤት ፊት።

«ኧረ ካሚዮኑ ነው! ሲያልፍ ቤቱ ሲነቃነቅ አይሰማዎትም?»

«የእጅሽን ጥፋት በሰው መኪና ታሳብቢያለሽ?» ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ፣ ሲነቃነቅ አይተሻል?»

አይቻለሁ። በየቀኑ አይቻለሁ። ግን ሾፌሩ ቴምር ያመጣልኛል፤ እስከ አዋሽ ወንዝ ላሳፍርሽ ብሎኛል። እውነቱን ከተናገርኩ ካሚዮኑ በደጃችን ማለፉ ሊቀር ነው።

«አላየሁም» አልኩ።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። በሳምንቱ አባቴ ሞጆ፣ ወንድሟ ቤት ሰደዳት።

ባለሙያ የተባለች ሌላ ሴት አስመጥቶ ቤቱን እንደገና አስለሰነ። ወር ሳይሞላ ግድግዳው እዚያው ቦታ ላይ ተሰነጠቀ። አባቴ ጣቱን ስንጥቁ ውስጥ ከትቶ ብዙ ቆመ። አሁንስ ሄዶ ያመጣታል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ሰሌን ገዝቶ ሰቀለበት። ትዕቢቱን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ የራሴንም ሆዳምነት።

ካደግሁ በኋላ ሞጆ ሄድኩ። እናቴ የወንድሟን ጎተራ ልትለስን ጭቃ ትረግጣለች፤ ፀጉሯ ሸብቷል።

«ያኔ አይቼ ነበር፣ እማዬ» አልኳት።

እግሯን ከጭቃው ሳታወጣ፣ «እኔም አንቺን አይቼሽ ነበር» አለች።

ከዚያ ትንሽ ጠጋ አለችልኝ። ጫማዬን አውልቄ አብሬያት ረገጥኩ።