የኑሩን ወንበር የጠበቅሁት እኔ ነበርኩ

ወንበሬን ወሰዱብኝ። ሳዑዲ፣ ኸበር ላይ፣ ደንበኛ አንድ በአንድ ያፈራሁበትን የፀጉር ቤት ወንበር፣ ወንድም ያልኳቸው የሙያ ጓደኞቼ ለሌላ ሰው ሰጡብኝ። ይህን በዳማም በኩል ያለፈ የወሎ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጆሮ ለሰጠኝ ሁሉ ስለፈልፈው ኖሬአለሁና። ያልተናገርኩት እኔ ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ነው። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ከሦስት ሰው በቀር ለማንም አልነገርኩም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው፤ ድሮ ለአገር ቤት መልእክት ስሰድ ሰው ነበር የሚጽፍልኝ። ይህን ደግሞ በሰው ያስጽፉታል? የሚጽፈው ሰው ቀና ብሎ ያየኛላ! አሁን በእጄ እጽፋለሁ። አንተ ስታነብ ቀና ብትልም እኔ እዚያ የለሁም።

በመጀመሪያ ምን እንዳፈረስኩ ልንገርህ። እሱን ካላወቅህ ወንጀሌ ትንሽ ይመስልሃል።

እዚያ አገር ሠራተኛ ተሰብስቦ ማኅበር አቋቋምኩ ቢል ሕጉ አይፈቅድለትም። ስለዚህ ስም አልነበረንም፣ ማኅተም አልነበረንም፤ "ጀማዓው" እንለው ነበር፣ በቃ። የተጀመረው በፈረንጆቹ 2013፣ ወረቀት የሌለው ሁሉ የታፈሰ ጊዜ ነው። አል አዳማ የሚባለው የዳማም ሰፈር ውስጥ ጠዋት መቀስ ይዞ ያየኸው ሰው ማታ የለም። ካፊሎቹ፣ በስማቸው ያስገቡን የሱቅ ጌቶች፣ የታፈሱትን ሰዎች ወንበር ለተረፍነው ያድሉን ጀመር። እኛም ደስ ብሎን እንቀበል ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ? የዚያን ጊዜ ነው ኑሩ የሚባል የቃሉ ወረዳ ሰው፣ ከእኛ ሁሉ ረጋ ያለ፣ "እናንተ ሰዎች፣ ዛሬ የሰው ወንበር ላይ ጉብ ብላችኋል፤ ነገ በእናንተው ላይ ሌላው ጉብ ሲል ማን ይናገርላችኋል?" ያለን።

ከዚያ ተማማልን። የአንዱን ወንበር ሌላው ላይቀማ። አንዱ ቢታመም ወይ አገር ቤት ቢሄድ ጀማዓው ወንበር ጠባቂ ሊሾምለት። ጠባቂው በራሱ መቀስ አይሠራም፤ በባለቤቱ መቀስ ነው የሚሠራው። አዲስ ደንበኛ ሲቀመጥ "የዚህ ወንበር ጌታ ሊመጣ ነው" ብሎ ይነግረዋል። የሄደው ሰው ከካፊሉ ጋር ጉዳይ ቢኖረው አፉ ጠባቂው ነው፤ ካፊል የውጭ አገር ስልክ አያነሳማ። ካፊሉ ወንበሩን ለሌላ እሰጣለሁ ቢል፣ የዚያ ሱቅ ሰው በሙሉ መቀሱን ያስቀምጣል። ዓርብም ከጁምዓ ሰላት በኋላ ማናችንም ላንከፍት ተስማማን። ሁላችንም እምቢ ስላልን ካፊሎቹ አጉረምርመው ተቀበሉ። ዓርብ ከሰዓት የዳማም ባሕር ዳር ላይ ከሰይሃትም ከኸበርም እንሰበሰብ ነበር። እውነት እልሃለሁ፣ እዚያ አገር ሰው የሆንኩት በእነዚያ ዓርቦች ነው።

ኋላ ከደረጃ ላይ ወድቄ እጄ ተሰበረ። አብዱ የሚባል ልጅ ጠባቂ ሆነልኝ። እጄ ድኖ ስመለስ ካፊሉ "አብዱ ይበቃኛል" አለ። እንግዲህ በመሐላችን መሠረት ሱቁ በሙሉ መቀሱን ማስቀመጥ ነበረበት። እዚያ ሱቅ ውስጥ ማን ነበር? ኑሩ! መሐላውን ያወጣው ሰው! አላስቀመጠም። ጀማዓው ፊት ቆመና "ኢቃማዬ የሚታደስበት ጊዜ ነው፤ ፈራሁ። ለሰይድ ሌላ ወንበር እንፈልግለት" አለ። ኢቃማ የመኖሪያ ወረቀቱ ነው፤ ካፊሉ ካላደሰለት ይባረራል። ዳማም፣ አል ጀለዊያ ሰፈር ውስጥ፣ ሰው ዝር የማይልበት ሱቅ፣ የተሰነጠቀ መስታወት ፊት አቆሙኝ። ፈራሁ ማለቱን እንደ ጨዋነት ቆጠሩለት። እኔ ግን ያንን "ፈራሁ" አኘክሁት፣ አኘክሁት፣ አልዋጥ አለኝ።

ሁለት ዓመት ያህል አለፈ። የኑሩ ሚስት አረገዘችና ደም ይፈሳት ጀመር፤ ደሴ ሆስፒታል አስተኟት። ኑሩ ሄዶ የሚመለስበት ቪዛ አስወጣ። ጀማዓው ጠባቂ ሊሾምለት ሲል እሱ ራሱ ተነሳና "ሰይድ ይጠብቅልኝ" አለ። ወደ እኔ መጥቶ መቀሱን በእጄ አስያዘኝ። "ሰይድዋ፣ ያንተን ማስጠበቅ አቃተኝ። የኔን አንተ ጠብቅ" አለኝ። ይቅርታ መጠየቁ ነበር። ዛሬ ይገባኛል። ያኔስ አልገባኝም ነበር? ገብቶኛል! ገብቶኝ ነው ያደረግሁት። ይቅርታውን እንደ ስድብ ወሰድኩት፤ ሲፈልግ የሚቀማኝ፣ ሲፈልግ የሚያምነኝ ማነው እሱ?

እንደገና ኸበር፣ የድሮ ሱቄ ገባሁ። ደንበኞቼ አዩኝ፤ "ወላሂ ሰይድ ነው!" አሉ። ሰውነቴ ሞቀ። መጀመሪያ ሰሞን በኑሩ መቀስ ሠራሁ። "ጌታው ሊመጣ ነው" አልኩ። አንድ ጠዋት ግን የእሱን መቀስ መሳቢያ ውስጥ ከትቼ የራሴን አወጣሁ። አጠገቤ የሚሠራው ዓሊዬ አየኝ።

"አንተ፣ የኑሩ መቀስ ዶለዶመ እንዴ?"

"ዶለዶመ።"

"ሳለዋ! መቀስ ሲዶለዱም ይሳላል እንጂ ይታሰራል?"

ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ያን ቀን ግን የአንድ ሰውዬ ጆሮ ጫፍ ቆርጫለሁ።

ከዚያ ኑሩ ደወለ። ልጅቷ ተወልዳለች፤ እናቲቱ ግን አልጋ ላይ ናት። "ቪዛዬ ሊያልቅ ነው፤ ለአቡ ፈይሰል ንገርልኝ፣ ጥቂት ሳምንት ያራዝምልኝ። እንዲህ ሆና ጥያት ልመጣ አልችልም" አለኝ። አቡ ፈይሰል የሱቁ ካፊል ነው፣ ያ "አብዱ ይበቃኛል" ያለው። እሺ አልኩት። በማግስቱ አቡ ፈይሰል ጺሙን ሊስተካከል እፊቴ ተቀመጠ፤ ጉሮሮው ምላጬ ሥር ነበር፤ ከዚያ የተሻለ መናገሪያ ጊዜ የለም። ራሱ ጠየቀኝ፤ "ኑሩ ወይን?" አለ። የት ነው ማለቱ ነው። እኔ፣ የኑሩ አፍ የሆንኩት እኔ፣ "ማፊ ይርጃዕ፣ ኸላስ" አልኩት። አይመለስም፣ አበቃ። "ዘይን"፣ ጥሩ፣ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ጺሙን አሳምሬ ጨረስኩለት።

ኑሩ መልሶ ሲደውል "ተራዝሟል። አንተ ሚስትህን አስታም" አልኩት። መረቀኝ። አላህ ልጆችህን ያሳድግልህ አለኝ። አሜን አልኩ! አሜን ያልኩት እኔ ነኝ!

ቀኑ ሲደርስ ሻንጣውን ይዞ አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰ። ከዚያው ሆኖ ደወለ። "ሰይድዋ፣ ቪዛው ሞቷል ይሉኛል። ተራዝሟል አላልከኝም?"

"ነግሬዋለሁ እኮ። ካፊሉ ዋሽቶኝ ይሆናል።"

"በአላህ አሁን ጠይቅልኝ፣ ሰልፉ ላይ ቆሜአለሁ፣ ሰዎቹ ውጣ እያሉኝ ነው።"

"ተኝቷል" አልኩት።

"በጠራራ ፀሐይ?"

ስልኩን ዘጋሁ። ሄዶ ሳይመለስ የቀረ ሠራተኛ፣ ያለ ካፊሉ ፈቃድ ለሦስት ዓመት ዝር እንዳይል ሕጉ ይከለክላል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር ልበልህ? አውቅ ነበር። ፀጉር ቆራጭ ምን የማይሰማው አለ? በቅጡ አውቄ ነው ያደረግሁት።

ጀማዓው ጠራኝ። ባሕሩ ዳር፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ነግሬዋለሁ፣ የከዳው ካፊሉ ነው አልኩ። ወላሂ ብዬ ማልኩ። ግማሹ አመነኝ፤ ግማሹ አላመነኝም። ዓሊዬ ብቻ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንበር ጠባቂ ሾሙልኝ የሚል ሰው ጠፋ። ማን ይሂድ? ማንን አምኖ? የዓሊዬ አባት ሲሞቱ ካፊሉ ሂድ ብሎት ነበር። ወንበሬን ማን ይይዝልኛል ብሎ ቀረ። አጠገቤ ቆሞ የሰው ጺም እየላጨ ለቅሶ ተቀመጠ። በክንዱ እንባውን እየጠረገ። ደንበኛው "ሙሽኪላ አለ?" ሲለው "ማፊ ሙሽኪላ" ይል ነበር፤ ምንም ችግር የለም ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ አጠገቡ ሆኜ አጽናናው ነበር። አየህ ድፍረት?

ካፊሎቹ መላላታችንን አሸተቱ። አቡ ፈይሰል ዓርብ ከሰዓት ክፈቱ ሲል በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እኔ ስከፍት ጎረቤቱም ከፈተ፤ ሰይሃትም ከፈተ። ባሕር ዳር የሚመጣው ሰው ቀነሰ፣ ከዚያ ጠፋ። ማንም ፈረሰ ብሎ አልተናገረም። አንድ ዓርብ ብቻዬን ሄጄ አየሁት። ልጆች ኳስ ይጫወቱ ነበር። መቀመጥ አቃተኝና ውኃው ዳር ወዲያ ወዲህ ስል፣ ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው ስል መሸ።

ኑሩ ያን ሁሉ ጊዜ ኮምቦልቻ ሲሚንቶ ሲሸከም ኖረ። ክልከላው ሲያልቅ በፈረንጆቹ 2019 መጀመሪያ በሌላ ካፊል ኸበር ገባ። ከሁሉ በፊት የመጣው ማን ጋ ይመስልሃል? እኔ ጋ! ጎብጧል። ከሱቁ በር ላይ አቅፎ ሳመኝ። "አንተ ምን ታደርግ፣ ያ ካፊል ነው እንጂ" አለኝ። የልጅቷን ፎቶ አሳየኝ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከእኔ ጋር ተጣላ። ምግብ ሲቀርብ እነሳለሁ፤ ሰላት ላይ ስንት እንደሰገድኩ ይጠፋብኛል። ቢሰድበኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ቢሰድበኝ ኖሮ ዛሬም አልናገርም ነበር።

ሰይሃት ልብስ የሚሰፉ ሸህ ኢድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሄጄ "ኑሩን አስጠሩልኝ፣ ዓሊዬንም" አልኳቸው። ለምን ብለው አልጠየቁኝም። ከጁምዓ በኋላ እሳቸው ክፍል ተቀመጥን። ተናገርኩት። ከመቀሱ እስከ ወላሂው፣ አንድም ሳላስቀር።

ኑሩ ያልጠበቅሁትን ተናገረ። "አቡ ፈይሰልን በየሰላቱ ስረግመው ነው የኖርኩት። ልጆቹን ሳይቀር። የእሱን አፉታ አሁን ማን ይጠይቅልኛል?"

ዓሊዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሸህ ኢድሪስ "ኑሩ፣ ልጄ፣ አፉ በለው" አሉት።

"የራሴን አፉ ብያለሁ፤ እኔም በድዬው ነበር" አለ ኑሩ። "የጀማዓውን ግን እኔ አፉ ማለት አልችልም። የእኔ አይደለም። ከጀማዓው ይጠይቅ።"

"ጀማዓው የት አለ?" አሉ ሸሁ።

"እሱን ሰይድ ያውቃል" አለና ጫማውን ሊያደርግ ተነሳ።

ዱዓ አድርገን ተለያየን። እንግዲህ አንተ የምታነበው፣ አፉ በለኝ አልልህም፤ ከጀማዓው ካልሆንክ አንተም አትችልም። ወንበሬን ስለወሰዱብኝ ነው ብዬም አላመካኝም። ወንበሩን የተቀማ ስንት ሰው አለ፤ እኔ ያደረግሁትን ያደረግሁት እኔ ብቻ ነኝ። በእኔና በኑሩ መካከል ያለው ነገር ያለቀው ዓርብ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው።